አጭር ስላይድ ለሙሉ ፍሬም፦ ከሐዲዱ ባሻገር መታየት ያለበት

ጠያቂያችን ሙሉ መጠን ያለው፣ አፈሙዙ (አረሩ የሚያልፍበት ቱቦ) 127 ሚሊሜትር የሚረዝም፣ «1911» በሚባለው ንድፍ የተሠራ ካሊበር 45 ሽጉጥ አላቸው። በቅርቡ ኮማንደር በሚባለው አጠር ያለ የ1911 መጠን የተሠራ አጭር ስላይድ (ሲተኮስ የሚመላለሰውን የላይ ክፍል) ከነአፈሙዙና ከነቡሺንጉ (አፈሙዙን ከፊት ከሚይዘው ቀለበት) ጋር አግኝተው በራሳቸው ፍሬም (እጀታውን በያዘው የታች አካል) ላይ አስገቡት። እንዲህ ይላሉ፦ «ሐዲዱ ላይ ልስልስ ብሎ ገባ፤ ባዶውን ስስበውም ይመላለሳል። ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ የድሮው ነው። ያስቸገሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ባዶ ካዝና አስገብቼ ወደ ኋላ ስስበው ስላይዱ ተከፍቶ አይቀርም። የፍሬሙ የፊት ክፍል ደግሞ ወደ አፈሙዙ ጫፍ ተጠግቶ መልኩን አበላሽቶታል። ሽጉጡን ያሳጠርኩት ለመያዝና ለመደበቅ እንዲቀለኝ ነው። እንዲህ እንዳለ ልተኩስበት?»

አይተኩሱበት። የመረጡት ጥምረት ግን መጥፎ አይደለም፤ ከአጭር ስላይድ ጥምረቶች ሁሉ ከተሳካላቸው አንዱ ነው፣ በትክክል ከተገጠመ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሁን ያሉበት ደረጃ ግን ስላይዱ ገባ የሚባልበት እንጂ ገጠመ የሚባልበት አይደለም። ያስቸገረኝ ካሏቸው ሁለት ነገሮች አንዱ የመልክ ጉዳይ ነው። ሌላኛው፣ ማለትም ስላይዱ ተከፍቶ አለመቅረቱ፣ ሽጉጡ ራሱ እየነገረዎት ያለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

እጄ ላይ ሳላየው በሙሉ እርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ምልክቱ ግን በጣም የታወቀ ነው። የሙሉ መጠኑ ሞላ ለአጭሩ ስላይድ ረዝሞበታል። በአጭሩ ስላይድ ውስጥ የሞላው ዋሻም፣ ከፊት የሚዘጋው የሞላ ቆብም አጫጭር ናቸው። ስላይዱ መጨረሻው ድረስ ሲሳብ ለሞላው የሚተርፈው ቦታ ስለሚያንስ የሞላው ጥቅልሎች እርስ በርስ ተደራርበው ድፍን ብረት ይሆናሉ፤ ስላይዱም ከፍቶ የሚይዘው ማቆሚያ ጋ ከመድረሱ በፊት ይቆማል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሞላው ሽቦ ውፍረት በጥቅልሎቹ ቁጥር ይባዛል። ሽቦው 1.1 ሚሊሜትር፣ ጥቅልሉ 30 ቢሆን ሞላው ከ33 ሚሊሜትር በታች በምንም ኃይል አይታመቅም።

ይህን ቤትዎ ሆነው በአምስት ደቂቃ ማረጋገጥ ይችላሉ። መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ የጥይት ማጉረሻውን በዓይንም በጣትም ይፈትሹ፣ ጥይት ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ከዚያ ሞላውን፣ መሪውን (ሞላው የሚጠለቅበትን ዘንግ) እና ቆቡን አውጥተው ስላይዱን ከነአፈሙዙ ያለ ሞላ ይግጠሙት። ቀጥሎ የሞላውን መሪ ብቻ ወደ ቦታው ይመልሱና ስላይዱን እስከ መጨረሻው ይሳቡት። የስላይዱ የኋላ ጫፍ በፍሬሙ ላይ የደረሰበትን ቦታ በቀጭን እርሳስ ያስምሩ። አሁን ሞላውንና ቆቡን መልሰው አስገብተው እንደገና ይሳቡት። ስላይዱ ምልክቱ ጋ ካልደረሰ፣ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢያጥር፣ ሞላው ተደራርቧል ማለት ነው። በጤነኛ 1911 ላይ ስላይዱን የሚያስቆመው የሞላው መሪ ሰፊ ጀርባ ነው፤ እሱም ፍሬሙን ተደግፎ ይቀመጣል። ሞላው ሲደራረብ ግን ያ ምት በሞላው በኩል ወደ ቆቡና ወደ ቡሺንጉ ይዞራል። ቡሺንግ ሲሰነጠቅ፣ ቆብም ከቦታው ተፈንጥሮ ሲወጣ ያየሁት ከዚህ የተነሳ ነው።

ሞላ የሚመረጠው በስላይዱ እንጂ በፍሬሙ አይደለም። በካሊበር 45 የተለመደው የሙሉ መጠኑ ሞላ 16 ፓውንድ፣ የኮማንደሩ 18፣ 89 ሚሊሜትር አፈሙዝ ያለው የኦፊሰር መጠን ደግሞ 22 ፓውንድ ነው። በኪሎ ወደ 7.3፣ 8.2 እና 10 ገደማ ይሆናሉ። ሽጉጡ ባጠረ ቁጥር ሞላው የሚጠነክርበትን ምክንያት ማወቅ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሞላ በግምት አይቆርጥም።

ጥይት ሲተኮስ አረሩና ጋዙ ወደ ፊት የሚወስዱትን ግፊት ያህል ስላይዱና አፈሙዙ ወደ ኋላ ይቀበላሉ። 15 ግራም የሚመዝን የካሊበር 45 አረር በሰከንድ 250 ሜትር ሲጓዝ፣ የጋዙ ድርሻ ተጨምሮበት፣ ግፊቱ ወደ 4 ኪሎግራም ሜትር በሰከንድ ይጠጋል። ለስሌት እንዲመች ስላይድና አፈሙዝ አንድ ላይ 500 ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ በሰከንድ 8 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይነሳሉ፣ የያዙትም ጉልበት 16 ጁል ነው። 50 ግራም ቢቀነስ ፍጥነቱ ወደ 8.9 ሜትር፣ ጉልበቱ ወደ 17.8 ጁል ይወጣል። ከአጭሩ አፈሙዝ አረሩ ትንሽ ፈዞ ይወጣል፤ ያ ግን የክብደቱን መቀነስ አያካክስም። አጭር ስላይድ ስለዚህ ሁልጊዜ ይፈጥናል። የሚጓዘው ርቀትም ከሙሉ መጠኑ በመጠኑ ያንሳል። በአጭር መንገድ ላይ የሚሮጥ ፈጣን ነገር ነው፤ ጥይት ከካዝናው ተነስቶ ስላይዱ ፊት ለመድረስ የሚያገኘው ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። የካዝናዎ ሞላ የደከመ ከሆነ በረጅሙ ስላይድ ላይ ያልታየ ችግር በአጭሩ ላይ ይወጣል፦ ስላይዱ ጥይቱን ቀድሞ ያልፈዋል፣ ወይም የቀለሁን መሐል ይረግጠዋል። ለዚህ ሥራ አዲስ የካዝና ሞላ መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

አንዳንዶች ፍጥነቱን ለመግታት 20 ወይም 22 ፓውንድ ሞላ በኮማንደር ላይ ይጭናሉ። እኔ አልስማማም። ጠንካራ ሞላ ወደ ኋላ የሄደውን ይገታል፣ ግን ያጠራቀመውን ጉልበት ሁሉ ወደ ፊት መልሶ ይጥለዋል፤ ያ ምት በአፈሙዙ እግርና በስላይድ ማቆሚያው ፒን ላይ ያርፋል። ስላይዱ ፈጥኖ ይከፈታል ብለው ካሰቡ የተሻለው መንገድ ከስላይዱ በስተኋላ መርፌውን የሚይዘውን ጠፍጣፋ ብረት፣ ታችኛው ጠርዙ ወደ ቀጥታ በቀረበ ዓይነት መተካት ነው። ያኔ ስላይዱ መዶሻውን ወደ ኋላ ለመጣል ብዙ መታገል ስላለበት የመጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ይዘገያል። ንድፉ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለእኔ አጭር ስላይድ በሙሉ ፍሬም ላይ ገጠመ ወይስ አልገጠመም የሚለውን የሚወስነው የአፈሙዙ እግር ነው።

አፈሙዙ በላይ በኩል ከስላይዱ ጋር የሚቆለፍባቸው ጥርሶች አሉት፤ በታች በኩል ደግሞ እግር አለው፣ በዚያ እግር ላይ ሊንክ የምንላት ትንሽ ማያያዣ በፒን ታስራለች። የስላይድ ማቆሚያው ፒን በሊንኳ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሄድ መጀመሪያ አፈሙዙን ይዞት ይሄዳል፤ 6 ሚሊሜትር ገደማ ሲጓዙ ሊንኳ አፈሙዙን ወደ ታች ስባ ጥርሶቹን ታላቅቃለች፤ አፈሙዙ በፍሬሙ ላይ ባለው ግድግዳና መኝታ ላይ ያርፋል፣ ስላይዱ ብቻውን ይቀጥላል። እንግዲህ የላይኛው ጥርስ የስላይዱ ሲሆን የታችኛው እግር የፍሬሙ ነው። አፈሙዙ በሁለቱ መካከል ያለ አስታራቂ ነው። ስላይድና አፈሙዝ አብረው ከአንድ ሽጉጥ ቢመጡም እግሩ የለመደው የሌላ ፍሬም ፒንና ግድግዳ ነው።

የላይኞቹ ጥርሶች የሚነካከሱት 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ባለ ጥልቀት ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ግፊት የሚሸከመው ይህ ነው። አፈሙዙ በበቂ ካልተነሳ ጥርሶቹ በጠርዛቸው ብቻ ይያያዛሉ፤ በበቂ ካልወረደ ደግሞ ስላይዱ ሲያልፍ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል።

የመጀመሪያው ፍተሻ በአውራ ጣት ነው። ባዶውን ሽጉጥ ሙሉ በሙሉ ገጣጥመው ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ፣ ቀለሁ በሚወጣበት መስኮት በኩል የአፈሙዙን የኋላ ራስ ወደ ታች ይጫኑት። ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሲጫኑት ጎንበስ ብሎ ሲለቁት የሚመለስ ከሆነ እግሩ ፒኑ ላይ ቆሞ አይደለም፣ ሊንኳ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው፣ ስላይዱን አውርደው አፈሙዙን ብቻውን በፍሬሙ ላይ በማቆሚያው ፒን ያያይዙትና ወደ ኋላ ገፍተው ከግድግዳው ጋር ያገናኙት። አሁን በመኝታው ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቷል? ሊንኳስ ላላ ብላለች? ሊንኳ ከተወጠረች አፈሙዙን የሚያስቆመው ግድግዳው ሳይሆን እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ለዚህ አልተሠራችም፣ ትሰበራለች። ሦስተኛው የማርከር ፍተሻ ነው። የአፈሙዙን ጥርሶች በጥቁር ማርከር ይቀቡና ገጣጥመው ስላይዱን ሃያ ጊዜ በእጅዎ ያመላልሱት፣ ከዚያ ይፍቱት። ቀለሙ በጥርሶቹ የፊት ገጽ ላይ ሰፋ ብሎ እኩል ከተላጠ ደስ ይበልዎ። በጥርሶቹ አናት ጠርዝ ላይ ብቻ ቀጭን መስመር ሆኖ ከተላጠ አፈሙዙ በበቂ አይነሳም ወይም በበቂ አይወርድም ማለት ነው፤ ሥራው ለባለሙያ ይሰጥ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። የሊንክ መደበኛ ልክ ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል 7.06 ሚሊሜትር ነው። አፈሙዙ ሲነቃነቅ ያየ ሰው ረዘም ያለች ሊንክ ገዝቶ ያስገባል፤ አፈሙዙም ወዲያው ጥብቅ ይላል፣ ሰውየውም ችግሩ ተፈታ ብሎ ያርፋል። ከዓመታት በፊት እንዲህ የተደረገበት ሽጉጥ መጥቶልኝ ነበር፤ ልክ እንደ እርስዎ አጭር ስላይድ በሙሉ ፍሬም ላይ። ባለቤቱ «ከመጣበት ቀን ይልቅ አሁን ይጠብቃል» ብሎ ነበር የሰጠኝ። ስፈታው በአፈሙዙ እግር ላይ፣ በሊንኳ ፒን ቀዳዳ ዙሪያ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው፤ የተተኮሰው ጥቂት መቶ ጥይት ብቻ ነው። አፈሙዙ በእግሩ መቆም ሲገባው በሊንክ ላይ ቆሞ ነበር። ያንን አፈሙዝ መልሼ አልሰጠሁትም፣ ባለቤቱ እያየ በመጋዝ ቆረጥኩት።

የእርስዎ ጥምረት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። አምራቹ ኮልት ኮማንደርን እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ሲያወጣ አፈሙዙን ወደ 108 ሚሊሜትር አሳጠረ እንጂ የእግሩን አሠራር ከሙሉ መጠኑ ጋር አንድ አድርጎ ነው የተወው። ስለዚህ የሁለቱ የላይ ክፍሎች በመርህ ደረጃ ይለዋወጣሉ፤ የሚቀረው በአምራችና በአምራች መካከል ያለውን የጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት ማስተካከል ነው። የኦፊሰር መጠን ግን እንዲህ አይደለም፤ አፈሙዙ በጣም ስላጠረ ለመላቀቅ አንገቱን ብዙ ማዘንበል አለበት፣ ሞላውም፣ መሪውም፣ የፍሬሙ የፊት አሠራርም ሌላ ነው። ያንን በሙሉ ፍሬም ላይ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ቢጠይቀኝ ተው እለዋለሁ።

ስላይዱ ከየትኛው ዘመን እንደሆነም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በወጣው ሲሪስ 80 በሚባለው አሠራር በስላይዱ ውስጥ መርፌውን የሚቆልፍ ትንሽ ፒስተን አለ፤ ምላጩ ሲሳብ በፍሬሙ ውስጥ ያሉ ማንሻዎች ያንን ፒስተን ያነሱታል። የእርስዎ ፍሬም የቀድሞው ዓይነት ከሆነና ስላይዱ ሲሪስ 80 ከሆነ ማንሻ ስለሌለ መዶሻው ይወድቃል፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። ይህን ሳያውቁ ሽጉጡን በክፉ ቀን መተማመኛ ማድረግ አደገኛ ነው። ቀለህ ማስፈንጠሪያውንም ያረጋግጡ፤ ኮማንደር አፍንጫው ረዘም ያለ ማስፈንጠሪያ ይዞ ነው የሚሠራው፣ ምክንያቱም ስላይዱ የሚጓዘው ያንሳል። ባሩድም ማቀጣጠያም በሌለው የልምምድ ጥይት ካዝናውን ሞልተው በእጅ እያመላለሱ ይሞክሩት፤ በቀስታም በፍጥነትም መውጣት አለበት።

ምላጩን በተመለከተ አንድ ፍተሻ ሳይደረግ መተኮስ የለም። ባዶውን ሽጉጥ መዶሻውን ወጥረው፣ አፈሙዙ ዝቅ ማለት እስኪጀምር ስላይዱን በትንሹ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይያዙና ምላጩን ይሳቡ። መዶሻው መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ሽጉጡ ሳይቆለፍ ሊተኩስ ይችላል ማለት ነው፤ እዚያው ይቁም።

የፍሬሙ አገጭ፣ ማለትም መልኩን አበላሸ ያሉት የፊት ክፍል፣ ወጣ ማለቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ጉዳይ ነው። የኮማንደር ስላይድም ፍሬምም የተሠሩት አብረው 19 ሚሊሜትር አጥረው ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ አገጭ በዚያው ልክ ይረዝማል። የሞላው ዋሻ ወደ ኋላ ሲሄድ ከድሮም ጀምሮ በዚያው አገጭ ውስጥ ስለሚገባ፣ ሳይነካካ እስከሄደ ድረስ ሥራውን አያውክም። ውስጡን በማርከር ቀብተው የሚፋተግ ካለ ይዩ። መልኩ ካስጠላዎ ባለሙያ በማሽን ሊያሳጥረው ይችላል፤ በሞረድ ግን እንዳይጀምሩት። አንዴ የተቆረጠ አይመለስም፣ ረጅሙን ስላይድ መልሰው ሲያስገቡ ክፍተቱ በሌላው አቅጣጫ ይታያል። የእኔ ምክር ቢያንስ 500 ጥይት ተኩሰው ጥምረቱን እስኪወዱት ድረስ አገጩን አይንኩት የሚል ነው።

በሌሎች ሽጉጦች ላይ ይህን ሊሞክሩ የሚያስቡ አንባቢዎችም ስለሚኖሩ ጥቂት ልበል። ቤሬታ በ92 ሴንቹሪዮን፣ 109 ሚሊሜትር አፈሙዝና አጭር ስላይድ በሙሉ ፍሬም ላይ ራሱ አገጣጥሞ ሸጧል። ሲግ ሳወር ፒ320 ካሪ የሚለው ሙሉ እጀታ ከ99 ሚሊሜትር አፈሙዝ ጋር ነው፤ የአሜሪካ ጦር ኤም18 የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። ግሎክ 17 እና 19 ግን ተንኮል አላቸው፤ የ19 ስላይድ ከ17ቱ በ12 ሚሊሜትር ስለሚያጥር በ17 ፍሬም ላይ ሲቀመጥ አገጩ ቀድሞ ይወጣል። አምራቹ ይህን ጥምረት ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ2018 ግሎክ 19ኤክስን ያወጣው የ17ን እጀታ ይዞ የፍሬሙን ፊት ግን በ19 ልክ አሳጥሮ ነው። የትውልዱ ነገርም አለ፦ የአራተኛው ትውልድ የሞላ አሠራር ከሦስተኛው የተለየ ነው፣ በአምስተኛው ደግሞ የመርፌው መቆለፊያ ተለውጧል። ስለዚህ በግሎክ ላይ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ለሚፈልግ ሰው ከማገጣጠም ይልቅ እንዲያ ሆኖ የተሠራውን መግዛት ይሻላል።

ለመደበቅ እንዲቀለኝ ያሉት ላይ ግን እዚህ ጋ ልቃወምዎ። ሽጉጥ በወገብ ላይ ሲሆን ከልብስ ስር የሚታየው ወደ ታች የሚሄደው አፈሙዝ አይደለም፤ ወደ ኋላ የሚወጣው እጀታ ነው። እርስዎ ያሳጠሩት የማይታየውን ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ከሰገባው ቶሎ ይወጣል፣ ሲቀመጡ ወገብዎን አይወጋም፣ ፊቱ ስለሚቀልም ከዒላማ ወደ ዒላማ ሲዞሩ እጅዎ ይፈጥናል። ሙሉው እጀታ ደግሞ እንዳለ ስለሆነ ምቱን ለመያዝ አይቸገሩም። በምላሹ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ስለሚያጥር ትንሿ የእጅ ስህተት ዒላማው ላይ ትሰፋለች።

ከሕግ በኩል አንድ ነገር ብቻ። በብዙ አገሮች ተመዝግቦ የሚያዘው ፍሬሙ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ስላይዱና አፈሙዙም እንደ ዋና ክፍል ተቆጥረው ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ስላይዱ ላይ ያለው ቁጥር ከፍሬሙ ቁጥር ጋር ስለማይገናኝ ከመግጠምዎ በፊት ሽጉጡ በተመዘገበበት አገር ያለውን ደንብ አረጋግጠው ወረቀቱን በእጅዎ ይያዙ።

ሁሉም ፍተሻ ካለፈ፣ 18 ፓውንድ የኮማንደር ሞላና አጭሩ ቆብ ከገባ፣ እስከ ጫፍ የሚደርስ ረጅም የሞላ መሪ ካለዎም በአጭሩ ከተተካ፣ ወደ ተኩስ ሜዳ ይሂዱ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ ጥይቱ ከፋብሪካ የወጣ መደበኛ ባለ 230 ግሬን (15 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ያለው) ይሁን፣ ግፊቱ ከፍ የተደረገውን አሁን አይሞክሩት። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገብተው ይተኩሱ። ስላይዱ ተከፍቶ መቅረት አለበት። ይህን አምስት ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሙሉ ካዝና። ከአምስቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፈት ከቀረ ወደ እርሳሱ ምልክት ይመለሱ። ቀለሆቹን ሰብስበው ይያቸው፤ ጎናቸው የተጨፈለቀ፣ ወይም ከግርጌያቸው በላይ ያበጠ ካለ ቆም ይበሉ።

50 ጥይት ሲሞላ ሽጉጡን እዚያው ፈትተው የአፈሙዙን ጥርሶች በጥፍርዎ ጠርዝ ይዳብሱ። ስለታቸው እንዳለ ከሆነ ይቀጥሉ፤ በ200 ጥይት ላይ ደግሞ ይድገሙት። ጥፍርዎን የሚይዝ የተጠቀለለ ጠርዝ ካገኙ ግን አንድም ጥይት አይጨምሩ፤ ስላይዱን አውርደው ረጅሙን ይመልሱና አጭሩን ከነአፈሙዙ፣ ከነሊንኩ፣ ከነፍሬሙ ለባለሙያ ይውሰዱት፤ ፍሬሙ አብሮ ካልመጣ እግሩ በምን ላይ እንደሚቆም ማንም ሊያውቅ አይችልም።